ልጃችን ፖሊስ ልሁን ስትለን
(በማርች 8 የሴቶች ቀን በሽንፋ ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)

  የየካቲት ፀሐይ በሽንፋ እንዴት እንደሆነች እናንተው ታውቃላችሁና ነገራችንን አናስረዝምም።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ወባና ስለ ልጆች ትምህርት እንነጋገራለን። ዘንድሮ ኮሚቴው የመረጠው ርእስ የሴት ልጅ ፖሊስነት ነው። ርእሱን ከመጽሐፍ አላመጣነውም። አንዲት የአባላችን ልጅ ለፖሊስነት ለመመዝገብ የምትሄድበትን ገንዘብ ከማኅበሩ በብድር ጠየቀች፤ በዚያ ብድር ምክንያት እርስ በርሳችን ለወራት ተኳረፍን። አንዳንዶቻችን ቡና መጠራራት ሁሉ ትተን ነበር። ነገሩ አሁን በርዷል። ስለዚህ የተከራከርንበትንና የተማርንበትን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ወደድን።

ልጅቱ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችው ለመናገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሆነ ነገር መጀመር አለብን። ስም አንጠራም፤ ቦታውንም አንናገርም።

የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር። በዚያ ወቅት አገራችን በሰው እንደምትሞላ ታውቃላችሁ። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በየእርሻው ካምፕ ይሰፍራል፤ እኛም እንጀራ እንጋግራለን፣ ጠላ እንጠምቃለን፣ ቡና እናፈላለን። ዓመቱን የምንኖርባት ገንዘብ የምትገኘው በእነዚያ ወራት ነው። ከደጋ ከወረዱት መካከል ለሠራተኛ ምግብ ልታበስል የተቀጠረች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ሌሊት በዚያው ካምፕ ተደፈረች። ሲነጋ እያነከሰች ወደ አንዲት አባላችን ቤት መጣች። አባላችን ያደረገችው ማንኛችንም የምናደርገውን ነበር፤ ውኃ አሙቃ አጠበቻት፣ ልብሷንም አጥባ አሰጣችው፣ ቡና አጠጥታ አስተኛቻት። በእናት አንጀት የተደረገ ነው። ማስረጃው ግን በዚያ ውኃ ፈሰሰ።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ይዘናት ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። አብራን የሄደችው አራተኛዋ የአባላችን ልጅ፣ ያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው፣ ማንበብና መጻፍ ስለምትችል ታግዘን ብለን የወሰድናት ናት። ጣቢያው ውስጥ አንዲት ሴት ፖሊስ አልነበረችም። ተረኛው መርማሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለእውነት ስንል እንመሰክራለን። ወንበር ሰጣት። «ምን ሆንሽ?» አላት። ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበችው። ክፍሉ በር አልነበረውም፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ያ ሰው ራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ የጻፈው ተደበደበች የሚል ነበር፤ እሷ በአፏ ያወጣችው ቃል እሱን ብቻ ነውና።

በመንገድ ስንመለስ ለእኛ ለሴቶቹ ሁሉን አንድ በአንድ ነገረችን። ተመልሰን እንሂድና ንገሪው ብንላት እንቢ አለች። ከሳምንት በኋላ ዘመዶቿ መጥተው ወሰዷት። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ ሲባል ሰማን። እንዴት እንዳለቀ አልጠየቅንም፤ ባለመጠየቃችንም እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ያች ተማሪ ልጃችን ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለእናቷ፣ «ሴት ብትኖር ኖሮ ትናገር ነበር» አለቻት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ፖሊስ እሆናለሁ ብላ ተነሣች።

እኛ መጀመሪያ የመለስንላት መልስ «ሴት ከማጀት፣ ወንድ ከችሎት» የሚለው ተረት ነበር። በተረት መመለስ ይቀላል። እሷ ግን ተረት አላመጣችም፤ ሕግ ይዛ መጣች። ያሳየችንን ለእናንተም እናሳያችሁ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 የተያዘ ሰው ሰውነት ሲፈተሽ በተቻለ መጠን ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ሕግ ብዙዎቻችን ሳንወለድ የተጻፈ ነው። እንግዲህ አስቡት። እኛ የምንኖረው በጠረፍ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንደ ውኃ አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ የማይፈተሽ የለም። ገበያ ስንሄድ እንፈተሻለን፤ ለቅሶ ስንሄድ እንፈተሻለን። ሴት ፖሊስ በሌለችበት ኬላ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ወንድ በሴት ገላ ላይ እጁን ያሳርፋል፣ ወይ ሴቲቱ ሳትፈተሽ ታልፋለች። የመጀመሪያው ውርደት ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ክፉ ሰዎች ያውቁበታል፤ ጥይትም ሌላም የተከለከለ ነገር በሴት ቀሚስ ሥር ያሳልፉበታል፣ ስትያዝ የምትታሰረውም ያች ድሃ ሴት ናት። ስለዚህ የሴት ፖሊስ መኖር ለሴቶች የሚደረግ ችሮታ ሆኖ አላገኘነውም። ሕጉ እንዲፈጸም የግድ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

የታሰሩ ሴቶችም አሉ። ሴት እስረኛ ከወንድ ተለይታ ትያዛለች፤ ሌሊት በሩን የሚጠብቀው ግን ማን ነው? የወር አበባዋ ሲመጣ ጨርቅ የምትለምነው ማንን ነው? የሚጠባ ልጅ ይዛ የገባች እናትስ? ይህን ሁሉ ልጅቱ እየጠየቀች እኛ ዝም እንል ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ካለፈው በደል የተነሣ የቀረባቸውን እንዲያካክሱም ተጨማሪ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ይላል። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ሰምተነዋል። የሰማነው ግን ስለ ምርጫና ስለ መሬት ሲነገር ነበር፤ ኬላ ላይ ስለ ቆመች ሴት አድርገን አስበነው አናውቅም።

እዚህ ላይ ከእኛ መካከል ትልልቆቹ የሚያስታውሱትን አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው፤ በሰው መግደልም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ የማኅበሩ መሥራች ከሆኑት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። ወይዘሮ መዓዛ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታሪኩም «ድፍረት» በተባለው ፊልም ዓለም ዞሮ ታየ።

ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ ዛሬ ጋብቻው ከቅጣት አያድነውም። ያለ ዕድሜ ጋብቻም፣ የሴት ልጅ ግርዛትም፣ ሚስትን መደብደብም በዚሁ ሕግ በስማቸው ተጠርተው ወንጀል ሆነዋል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ሕጉ እንዲለወጥ ታገሉ፤ ሕጉም ተለወጠ። ግን ሕግ በራሱ እግር አይሄድም። አዲስ አበባ የተጻፈው ቃል ሽንፋ የሚደርሰው ቃል የሚቀበል፣ መዝገብ የሚከፍት፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ፖሊስ ነው። ጠበቃዋ ፍርድ ቤት የምትቆመው ፖሊስ የጻፈውን ይዛ ነው፤ ዳኛውም የሚያየው ፖሊስ ያቀረበውን ነው። «ተደበደበች» ተብሎ የተጻፈ ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስም ድብደባ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረገው ብለን ጠየቅን። ከጎንደር ሊጠይቁን የመጡ ደጋፊዎቻችን አንዳንድ ነገር ነገሩን። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ የተባለች ሴት ፖሊስ የሆነችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1910 ነው። ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ በ1985 የሴቶች ብቻ የሆነ ፖሊስ ጣቢያ ከፈተች፤ ወንድ ፊት የማይናገሩ ሴቶች ወደዚያ ይሄዳሉ። ለእኛ ደስ ያለን ግን የላይቤሪያው ነው። ያች አገር ከረጅም ጦርነት በኋላ ሰላም ስትፈልግ ሕንድ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሴቶች ብቻ የሆኑ የፖሊስ ጓድ ላከችላት፤ በ2007 ገብተው በ2016 ወጡ። የላይቤሪያ ልጃገረዶች እነዚያን ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው ሲያዩ ራሳቸው ለመመዝገብ ተነሡ፤ በአገሪቱ ፖሊስ ውስጥ የሴቶች ቁጥርም ጨመረ። ልጅ የምታየውን ነው የምትሆነው። የእኛ ልጆች ሲያዩ የሚያድጉት ጠላ ስንጠምቅ ነው።

በአገራችን ከተማ የሚጠብቅ ሠራዊት አዲስ ነገር አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የሚጠብቁት «አራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ ያደራጃሉ፤ የእኛ ክልል ፖሊስ ኮሌጅ ደብረ ማርቆስ ነው፤ የፌዴራሉ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሰንዳፋ ነው። ማዕረጉ ከኮንስታብል ይጀምራል፤ ከዚያ በሳጅንነት፣ በኢንስፔክተርነት፣ በኮማንደርነት እያለ እስከ ኮሚሽነርነት ይወጣል። ከታች የገባች ልጅ በሥራና በትምህርት ልትወጣው የምትችለው መሰላል አለ ማለት ነው። መርማሪ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ የአሻራና የፎረንሲክ ባለሙያ፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ መርማሪ፣ አስተማሪ መሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ጠባችን እንመለስ። ኮሚቴው ፊት የቀረቡት ተቃውሞዎች አራት ነበሩ።

አንደኛው «ማን ያገባታል?» የሚለው ነው። ይህን ያነሣችው አባላችን ለክፋት አላነሣችውም፤ ሴት ልጅ ያለ ባል ስትቀር የሚደርስባትን ራሷ ታውቀዋለች። የመለሰችላት ሌላዋ አባላችን ናት፤ «እኔን አግብቶኝ የት አደረሰኝ?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ሁላችንም ዝም አልን።

ሁለተኛው አደጋው ነው። ይህን በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የሆነውን እናንተም እኛም እናውቃለን። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቤተሰቡም ሳይቀር የሚሰጋበት ጊዜ ነው። «ልጄን ለጥይት አበድራለሁ?» ያሉ እናት ነበሩ፤ ማንም የሚመልስላቸው አላገኘም። እኛም ዛሬ እዚህ ቆመን አደጋ የለውም አንልም። ያልነው ይህን ብቻ ነው፤ አደጋውን መዝና መወሰን ያለባት ልጅቱ ናት፣ የእኛ ሥራ የምናውቀውን ሳንደብቅ መንገር ነው። ነገርናት። ለሁለት ሳምንት አሰበችበት፤ እንዳሰበችም ተመለሰች።

ሦስተኛው ጉቦ ነው። «ንጹሕ ልጅ ልከን ኬላ ላይ እጇን የምትዘረጋ ብትሆንብንስ?» ተባለ። ኬላ ላይ የሚሆነውን የምናውቀው እኛ ነጋዴዎቹ ነን፤ ሰሊጥ ጭነን፣ ፍየል ነድተን አልፈናል። የፖሊስ ደመወዝ ትንሽ ነው። ትንሽ ደመወዝና ትልቅ ሥልጣን አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውን ይፈትናሉ። ለዚህ ያገኘነው መልስ ሙሉ አይደለም። እሷ «ከወሰድኩ ለእናንተ ይነገራችሁ» ብላለች። እኛም ለራሳችን አንድ ነገር ቃል ገባን፤ ከማኅበራችን አንድም ሴት ለፖሊስ ጉቦ አትሰጥም። የምትሰጥ ከሌለች የምትቀበል አትኖርም። ቃሉን መጠበቅ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ሁለት አባሎቻችን ዕቃቸው ለቀናት ቆሞባቸው ከስረዋል።

አራተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የማኅበራችን ደንብ ብድር ለንግድና ለእርባታ ብቻ ይላል። «ይህ ንግድ ነው ወይ?» ተባለ። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ እጅ ሲወጣ ብድሩን የደገፍነው በሦስት ድምፅ ብልጫ ነው። ደንቡንም በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽለን «ለሙያ ትምህርትና ለሥራ ምዝገባ» የሚል ጨመርንበት። ያስገረመን ነገር፣ ያች «ማን ያገባታል?» ያለችው አባላችን ለብድሩ ዋስ ሆና የፈረመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለምን ብንላት «ድምፄን ተሸነፍኩ እንጂ ልጅቱን አልጠላሁ» አለች።

መንገዱ ቀና ነበር እንዳትሉ። መጀመሪያ ስትሄድ ተመለሰች። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ የአያቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር አልገጠመም። ለአንድ ፊደል አንድ ዓመት ጠፋ! በዚያ ዓመት ማስረጃዋን አስተካከለች፤ በየማለዳውም ሙቀቱ ሳይነሣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ትሮጥ ነበር። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። ኋላ ሁለት ተማሪዎች አብረዋት መሮጥ ጀመሩ፤ ቆይቶ አምስት ሆኑ። በሁለተኛው ዓመት አለፈች። ሥልጠናውንም ጨርሳ ኮንስታብል ሆናለች።

የተመደበችው ግን ሽንፋ አይደለም። ይህ ብዙዎቻችንን አሳዘነን። ለእኛ ትሆነናለች ብለን ነበርና። አንዲት አባላችን «ገንዘባችንን ለሰው አገር ሰጠን» ብላ አለቀሰች። እውነት ነው፤ ለእኛ ጣቢያ ሴት ፖሊስ አላመጣንም። ግን ከሌላ ቦታ የአንዲት እናት ልጅ ወደ እኛ ትመደብ ይሆናል፤ ያች እናትም እንደ እኛ ገንዘባችንን ለሰው አገር ሰጠን ትላለች። እንዲህ ካልተለዋወጥን ማንም አገር አይሞላለትም።

ብድሯን ከደመወዟ በየወሩ ትከፍላለች፤ አንድ ወር ብቻ አዘግይታለች። ባለፈው በስልክ ስታወራን ስለ ሥራዋ ጠየቅናት። የሰው ምስጢር ስለሆነ ዝርዝሩን አልነገረችንም፤ ደግ አደረገች። ይህን ብቻ ነገረችን። አንዲት ሴት ቃል ልትሰጥ መጥታ ዝም አለቻት። እሷም አልጠየቀቻትም። በሩን ዘጋች፣ ውኃ ቀዳችላት፣ ወንበሯን አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ሴትዮዋ ተናገረች። «ያኔ ጣቢያው ላይ ያቺን ልጅ እያየሁ የተመኘሁት ይህን ነበር» አለችን።

ችግሯንም ነገረችን። የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምታድርበት የሴት ክፍል ስለሌለ ወንበር ላይ ነው የምታነጋው። ሴት ናት ተብላ ከመስክ ሥራ ቀርታ መዝገብ ቤት የተቀመጠችበት ጊዜ ነበር፤ ጠይቃ ነው የወጣችው። ተጠርጣሪ ወንድ ስታይዝ የሚስቅባት አለ። ተጠርጣሪንም ቢሆን በክብር መያዝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው እንደሆነ በሥልጠና ተምራለች። ይህን የምትለው የበደለንን ሰው ስለሚመለከት ለእኛ ይከብደናል፤ እሷ ግን «እማማ፣ ያለ አግባብ የተያዘ ሰው በፍርድ ቤት ነፃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የተበደለችው ናት የምትጎዳው» አለችን።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ዛሬ ከእያንዳንዳችን የምንፈልገው ነገር አለ።

ልጃገረዶች፣ ፖሊስ ልሁን የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ጀምሩ። ትምህርታችሁን እስከ መጨረሻው ያዙ። የስማችሁን ፊደል በመታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ላይ አስተያዩት። የምልመላ ማስታወቂያው ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃን፣ ቁመትንና ጤናን በተመለከተ የሚጠይቀውን ከወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ እንጂ በወሬ አትሂዱ። ሩጡ፤ ብቻችሁን ግን አትሩጡ። ላግባሽ ወይም ላስቀጥርሽ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ለኮሚቴው ንገሩ። ይህ ለሱዳን መንገድም ይሠራል። በመተማ በኩል ሥራ አለ እየተባሉ የሄዱ ልጆች ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በሰው መነገድ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ከባድ ወንጀል ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ውስጥ ናት፤ ሰዎቿ በመተማ በኩል ወደ እኛ ሲሸሹ በዓይናችን አይተናል። ከሸሹት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነሱም ሊያናግሩት የሚችሉት ፖሊስ ያስፈልጋቸዋል።

እናቶች፣ አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልን። አንዲት ልጅ ተደፍራ ወደ ቤታችሁ ብትመጣ አትጠቡ፣ አታጥቧት። ልብሷን ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ቀድማችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከልም አለ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂዱ፤ ሴት ፖሊስ ካለች ሴት ይቀበለኝ በሉ፣ ከሌለች በሩ ይዘጋልን በሉ፣ አንዳችሁ አጠገቧ ቁሙ። የተጻፈው ቃል እስኪነበብላችሁ ድረስ አትፈርሙ። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ ያች ልጅ በወረቀት ላይ የተደበደበች ብቻ ሆና አትቀርም ነበር።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ እናንተን ዩኒፎርም ግዙልን አንልም፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው። የምንለምናችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ከሩቅ የእርሻ ቀበሌዎች መጥተው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚህ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች አሉ። ቤት ኪራይ ሲያቅታቸው ያቋርጣሉ፤ ካቋረጡ በኋላ የሚሄዱት ወይ ወደ ካምፕ ነው ወይ ወደ ጠረፍ። ለእነዚህ የቤት ኪራይና የንጽሕና መጠበቂያ ብታግዙን ከመካከላቸው ፖሊስ የምትሆን፣ ነርስ የምትሆን፣ ዳኛ የምትሆን ትወጣለች። በብድር ሣጥናችን «ለሙያ ትምህርት» ብለን የለየነው ገንዘብ እስካሁን የሚበቃው ለአንዲት ልጅ ነው። ዘንድሮ የጠየቁት ሦስት ናቸው። ሁለቱን እምቢ ማለት ይሆንብናል። ማንን እምቢ እንደምንል ግን እስካሁን አልተስማማንም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። በሳምንት ሳምንት የምናዋጣት ትንሽ ገንዘብ ጠላ መጥመቂያ እንስራ ገዝታለች፣ ፍየል ገዝታለች፣ አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ ጣቢያ አድርሳለች። ያች ስሟን ያልጠራናት ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አናውቅም። ይህን ጽሑፍ አንድ ቀን ብታነብበው፣ ወይም የምታነብላት ብታገኝ፣ ያን ቀን ያልተናገረችውን ሌላ ሴት እንድትናገር ምክንያት እንደሆነች ትወቅልን።

 አሁን ቡናው ደርሷል፤ የሦስቱን ልጆች ጉዳይ ከአቦል በኋላ አንሥተን እንወያይበት።